በንፋስ መውጫ የሰመጠችው ደሴት

በ2011 ዓ.ም. ለገና ወደ ንፋስ መውጫ ስወጣ ሻንጣዬ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ነበረች። ውጭ አገር የምትኖረው እኅቴ የላከቻት ጨዋታ ናት፤ ስሟ «ፎርቢደን አይላንድ»፣ በእኛ «የተከለከለችው ደሴት» ልንላት እንችላለን። ማት ሊኮክ የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራት፣ ጌምራይት የተባለ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣት ናት። እኅቴ ደውላ «እዚህ ጨዋታ ላይ ሁላችሁም አንድ ወገን ናችሁ፤ ወይ አብራችሁ ታሸንፋላችሁ፣ ወይ አብራችሁ ትሸነፋላችሁ» ብላኛለች። በዓመት አንዴ እንኳ ካርታ የማይነኩት ዘመዶቻችን ይወዷት እንደሆነ አይቼ እንድነግራትም አደራ ብላኛለች።

ንፋስ መውጫ ደጋ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ በታኅሣሥ ማታ ከቤት የሚያስወጣ ጉዳይ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የመኪናው ድምፅ ሲሳሳ፣ ቤተሰቡ የከሰሉን ምድጃ ከብቦ ይቀመጣል። ያረፍኩት ከእናቴ ወንድም ዘንድ ነበር። ጋሼ በሰፈሩ የተፈሩ የዳማ ተጫዋች ናቸው፤ ግማሹ ቆርኪ በጀርባው፣ ግማሹ በሆዱ ተደርድሮ ሰሌዳው ከደጃቸው አይጠፋም። ታላቅ እኅታቸው እትዬ ግን ከልጅነታቸው የጠጠር ጨዋታ ወዲህ አንድም ጨዋታ ነክተው አያውቁም። ዘጠነኛ ክፍል የደረሰችው የጋሼ ልጅና የአሥር ዓመቱ ወንድሟ ሲጨመሩ ተጫዋቾቹ አራት ሞሉ። ጨዋታዋም የምትፈቅደው ከ2 እስከ 4 ሰው ነው። እኔ አስረጂና ታዛቢ ሆንኩ።

24ቱን ካሬ ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ደሴቷ እነሱ ናቸው፤ አንዱ ላይ ዋሻ፣ አንዱ ላይ ቤተ መንግሥት፣ ሌላው ላይ ድልድይ ተሥሏል። ደሴቷ እየሰመጠች ነው። ተጫዋቾቹ ሳትሰምጥ አራት ጥንታዊ ሀብቶችን ሰብስበው በሄሊኮፕተር ማምለጥ አለባቸው። ተራ የደረሰው ሰው እስከ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ጠጠሩን ይዞ ይሄዳል፣ ውሃ የነካውን ቦታ ያደርቃል፣ አንድ ካሬ ላይ ለተገናኘው ሰው ካርታ ይሰጣል፣ አራት ተመሳሳይ ካርታ ሲሞላለት ደግሞ በቦታው ቆሞ ሀብቱን ያነሳል። ከዚያ ሁለት የሀብት ካርታ ይስባል፤ በመጨረሻም የጎርፍ ካርታ ይገልጣል። ካርታው የወጣበት ቦታ መጀመሪያ ውሃ ይነካዋል። ሳይደርቅ ካርታው ዳግም ከወጣ ግን ይሰምጣል፤ ካሬውም ከጠረጴዛው ይነሳል። ሕጉ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

የእትዬ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ሕጉ አልነበረም። የውሃውን ከፍታ በሚያሳየው መለኪያ ጫፍ ላይ የራስ ቅል አዩና «ይኸ ደግሞ ምንድን ነው? የጥንቆላ ነገር እንዳይሆን» አሉ።

«ተረት ነው እትዬ፤ ውሃው እዚያ ከደረሰ አለቅን ማለት ነው» አለቻቸው ልጅቷ ቀድማኝ።

«ተረትማ ከሆነ» ብለው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። ከአራቱ ሀብቶች አንዱ የንፋስ ሐውልት መሆኑን የሰማው ትንሹ ልጅ ደግሞ ሌላውን መስማት አልፈለገም፤ «መጀመሪያ የእኛን!» አለ።

ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ችሎታ ያለው ካርታ ይታደላል። ለእትዬ መሐንዲስነት ደረሳቸው፤ በአንድ ሥራ ሁለት ቦታ ያደርቃሉ። ጋሼ አብራሪ ሆኑ፤ በየተራቸው አንድ ጊዜ ወደፈለጉት ካሬ ይበርራሉ። ወዲያው የሁለቱ ጠባይ ገሃድ ወጣ። እትዬ ማድረቅ ብቻ ሆነ ሥራቸው። ሀብቱን እንዲያስቡ ሲነገራቸው «ቤቱ እያፈሰሰ ዕቃ ፍለጋ ይኬዳል?» አሉ። ጋሼ በተቃራኒው ከሀብት ወደ ሀብት እየበረሩ ከኋላቸው ያለውን ረሱት። ሁለት ሀብት ሰብስበን ሳለ የሄሊኮፕተሩ ማረፊያ ሰመጠ፤ ጨዋታውም እዚያው አበቃ።

ያን ጊዜ የጠበቅሁት ነገር አልመጣም። ዳማ ቢሆን ኖሮ የተሸነፈው ሰው እስኪተኛ ድረስ ሲለገጥበት ያመሽ ነበር። እዚህ ግን የሚለገጥበት ሰው ታጣ። እትዬ ራሳቸው «በሉ ድገሙት፤ ውሃው ተጫወተብን» አሉ። እኒህ ሴት ዳማ ሰሌዳ አጠገብ የማይደርሱት ሕጉ ከብዷቸው ሳይሆን ልጆች ፊት መሸነፍ አሳፍሯቸው እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚጫወት ሰው ከሕጉ ይልቅ የሚፈራው መታየትን ነው። ሽንፈቱ የጋራ ሲሆን ፍርሃቱ ይቀላል።

ጨዋታዋን የፈታቻት ልጅቷ ናት። ከሀብት ካርታዎቹ መካከል የውሃውን ከፍታ የሚጨምሩ ሦስት ካርታዎች አሉ። አንዱ ሲወጣ፣ ተገልጠው የተጣሉት የጎርፍ ካርታዎች ተበውዘው ከክምሩ ላይ ይመለሳሉ። «አባዬ፣ አሁን የሚመጡት እኮ እነዚያው ናቸው፤ ሌላውን ተውና ቅድም የረጠቡትን እናድርቅ» አለች። ከዚያ በኋላ እትዬ ያገኙትን ሁሉ ማድረቅ ትተው የሚያሰጋውን መምረጥ ጀመሩ፤ ጋሼም ከመብረራቸው በፊት ማረፊያውን ማየት ለመዱ።

ችግሩ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ጋሼ ነገሩ ሲገባቸው የሁሉም አዛዥ ሆኑ። «አንተ እዚህ ሂድ፣ አንች ካርታሽን ለእሱ ስጭ» እያሉ የልጁን ጠጠር በገዛ እጃቸው ያንቀሳቅሱ ጀመር። ልጁ ወንበሩን ትቶ ወደ ምድጃው ሄደ። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ትልቁ በሽታ ይኸ ነው፤ ሁሉም ካርታ ለሁሉም ስለሚታይ አንድ ጎበዝ የአራት ሰው ጨዋታ ብቻውን ይጫወታል። በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ምክር መስጠት ከጨዋታ ወጋችን ነውና። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ሰንጠረዥ፣ ማለትም ስለ ኢትዮጵያ ቼዝ፣ ባሳተሙት ጥናት ላይ እንደሚገኘው፣ በጥንቱ ሰንጠረዥ ተመልካቹ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እየጮኸ ይመክራል፣ ይሟገታል።

«ብቻህን ተጫወትና እኛ እንተኛ!» አሉ እትዬ ወንድማቸውን። እኔም አንድ ሕግ ጨመርኩ፦ ምክር ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ ጠጠሩን የሚነካና የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ግን ባለተራው ብቻ። ልጁ ተመለሰ። መልእክተኛነት ደርሶት ስለነበር ካርታ ለመስጠት ከሰው ጋር መገናኘት አያስፈልገውም፤ ጋሼ ሊያስቀሩት የፈለጉትን ካርታ ለእኅቱ ሰጣት፤ አራተኛው ሀብት በዚያ ተነሳ። ሁሉም ማረፊያው ላይ ተሰብስበው የሄሊኮፕተሩ ካርታ ሲጣል ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

በማግስቱ ጎረቤት ሲጨመር ጨዋታዋ በእኛ ቤት ልክ እንዳልተሠራች አየሁ። የበዓል ቤት በአራት ሰው አያበቃም። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሰው አንድ ጠጠር እንዲይዝ አደረግን፤ ትልቅ ከትንሽ ጋር ሲጣመር ይበልጥ ያምር ነበር። እንግሊዝኛውም እንደፈራሁት አላስቸገረም፤ የካርታው ሥዕል ከካሬው ሥዕል ጋር ስለሚመሳሰል ማንበብ የማይችልም ሰው አይቸገርም። የእያንዳንዱን ሰው ችሎታ አንድ ጊዜ በቃል መንገር ይበቃል። አንድ ዙር ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ያልቃል።

ሁሉንም ግን አልያዘችም። ጋሼ ደጋግመው ካሸነፉ በኋላ ወደ ቆርኪያቸው ተመለሱ። «የሚሸነፍልኝ ሰው ከሌለ ምን ጨዋታ አለ?» አሉኝ። እውነት አላቸው፤ የሰው ልብ ማንበብና ማታለል የሚወድ ተጫዋች እዚህ የሚያታልለው የለውም፤ ካርታ አይታለልም። ልጆቹ ውሃውን ከፍ ካለ ደረጃ እያስጀመሩ ጥቂት አራዘሟት፤ መንገዱ ከታወቀ በኋላ ግን ጣዕሟ መቀነሱ አይቀርም።

ለእኅቴ የነገርኳት ፍርድ ይህ ነው፦ ጨዋታዋ ለማይጫወት ሰው ትሆናለች፤ ለተጫዋች ግን ታንሳለች። ቤታችሁ ውስጥ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጡ ከፈለጋችሁ ሞክሯት። ተረት መሆኗን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሕጉን በአንድ ትንፋሽ አትዘርዝሩ፣ እየተጫወታችሁ አስረዱ፤ ከጀማሪው ደረጃ ጀምሩ። ከሁሉ በላይ ግን የቤቱን ጎበዝ እጁን እንዲሰበስብ አስምሉት።