ወደ አብደራፊ ቈላ የሚወርድ መንገደኛ ምን መሣሪያ ይያዝ?

ከጎንደር ተነሥቶ በሳንጃና በአብርሃ ጅራ በኩል ወደ አብደራፊ የሚጓዝ ሰው፥ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ ከ1000 ሜትር በታች ወዳለው ቈላ ይወርዳል። ገብሱና ባቄላው ወደ ኋላ ይቀርና በፈንታው ማሽላ፥ ሰሊጥና ጥጥ ይታያል፤ ግራሩ ይበዛል፤ ጥቍሩ አፈር በክረምት እግር የሚይዝ ጭቃ፥ በበጋ ደግሞ ስንጥቅጥቅ ይሆናል። የአንገረብም ወንዝ ወደ ምዕራብ ወርዶ በሱዳን ምድር ከአትባራ ጋራ ይገናኛል።

ይህን አገር የማያውቅ ሰው ለመውረድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አንበሳ ነው፤ ቀጥሎም ምን ዓይነት ሽጉጥ ይሻለኛል ይላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከመተማ ወደ ደቡብ በቋራ የሚገኘው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. የተከለለ፥ ስፋቱም 2666 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ፥ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋራ የተያያዘ ምድር ነው። በዚያም አንበሳ መኖሩን በ2008 ዓ.ም. ሊቃውንት በዱር በተተከለ የፎቶግራፍ መሣሪያ አረጋግጠዋል።

ስለ ሽጉጥ ግን እውነቱን መናገር ይገባል። የቈጣ አንበሳ 30 ሜትር ያህሉን መሬት ከሁለት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። በከረጢት ወይም በኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሽጉጥ በዚያ ጊዜ እንደሌለ ይቈጠራል። የተለመደው የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ጥይት ጉልበት ከክላሽንኮቭ ጥይት ጉልበት ሩቡን ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ አውሬውን ሳይጥል ሊያቈስለው ይችላል። የቈሰለ አንበሳ ምን እንደሚያደርግ ዴቪድ ሊቪንግስተን በ1836 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪቃ አይቶታል፤ ሁለቱንም የጠመንጃውን አፈሙዝ ተኵሶ እንደ ገና ሲያጐርስ አንበሳው ዘሎ ክንዱን ሰበረው።

በአሜሪካ ግዛት በአላስካም ድብ ስለሚባለው ታላቅ አውሬ ተመሳሳይ ነገር ተመርምሯል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1883 እስከ 2009 በደረሱ 269 አደጋዎች ላይ ሊቃውንት ባደረጉት ምርመራ፥ መሣሪያ የያዘ ሰው ቢተኵስም ባይተኵስም የመቍሰሉ መጠን እኩል ሆኖ ተገኘ። ከበርበሬ የተሠራ የሚረጭ መከላከያ ከያዙት ግን ከመቶው 98ቱ በድብ ሳይቈስሉ ቀርተዋል። ይህ የድብ ነገር ነው እንጂ የአንበሳ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ይሆናል፤ መሣሪያ መያዝ ብቻውን መዳን አይደለምና።

እንግዲህ ሽጉጥ መያዝ ግድ የሆነበት ሰው፥ በሚገባ የለመደውን፥ በጨለማም ሳያይ ሊያዝበት የሚችለውን ይምረጥ። ጥይት መያዣው የሚዞረው ሽጉጥ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ባለ ካዝናው ብዙ ጥይት ይይዛል፥ አቧራ እንዳይገባበት ግን ዘወትር መጽዳት ያሻዋል። ሁለቱም ቢሆኑ በወገብ በጠንካራ አፎት ይታጠቃሉ እንጂ ልጆች በሚተኙበት ድንኳን ከትራስ ሥር አይቀመጡም። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ፈቃድ እንደሚጠይቅም አይዘነጋ። በድንበር አገር የታጠቀ እንግዳ ከአውሬው ይልቅ የሰውን ጥርጣሬ ይስባል።

ከዚህ የሚሻል ጥበቃ አለ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በሰቲትና በአንገረብ ወንዝ ዳር ሲያድን፥ ሐምራን የሚባሉ ዐረቦች በፈረስ ሆነው ዝሆንን በሰይፍ ሲጥሉ አየ። አንዱ ዝሆኑን ፊት ለፊት ሲያስቈጣ ሌላው ከኋላ ቋንጃውን ይቈርጠው ነበር። ኀይላቸው አገሩን ማወቅና መተባበር ነበረ። መንገደኛም አገር የሚያውቅ ሰው ይያዝ፤ ሲመሽ ብቻውን አይሂድ፤ በእሾህ አጥር ውስጥ እሳት አንድዶ ይደር። በታንዛንያ የተደረገ ምርመራ አንበሳ ሰውን ይበልጥ የሚያጠቃው ጨረቃ ሙሉ ከሆነች በኋላ ባሉት ጨለማ ምሽቶች መሆኑን አስረድቷል።

ዳሩ ግን በአብደራፊ ሰውን የሚጐዳው የሚያገሣው ብቻ አይደለም። ሳሉግ የሚባሉት ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርዱ ሠራተኞች በሜዳ፥ በግራር ሥር ያድራሉ። በዚያ በተሰነጠቀው አፈር ውስጥ የምትኖር፥ ከትንኝም የምታንስ የአሸዋ ዝንብ በሌሊት ወጥታ ትነክሳቸዋለች፤ ካላ አዛር የሚባለውንም በሽታ ታስገባባቸዋለች። ትኵሳቱ ሳይለቅ ይሰነብታል፥ ሰውነት ይከሳል፥ ጣፊያ ያብጣል፤ ያልታከመውም ከጥቂት በቀር ይሞታል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአብደራፊ ይህን በሽታና የእባብ ንክሻን ሲያክሙ ቈይተዋል። በዝንብና በእባብ ላይ ሽጉጥ ምን ይረባል?

ስለዚህ ልጁን ወይም ወንድሙን ወደዚያ የሚልክ አባወራ፥ ለሽጉጥ ገንዘብ ከማውጣቱ አስቀድሞ መድኀኒት የተነከረ፥ ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ አጎበር፥ ጉልበት የሚደርስ ቦቲና ጥሩ የእጅ ባትሪ ይግዛለት። ሲመለስም ትኵሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቈየበት ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይውሰደው፤ በቈላ መሥራቱንም ለሐኪሙ ይንገርለት። አንበሳን የሚፈራ ብዙ ነው፤ ጠላቱን ለይቶ የታጠቀ ግን በደኅና ወርዶ በደኅና ይመለሳል።