የፈረሱ መንገድ የት ገባ?

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ተረቱን ያወረሱን አባቶች ግን አንድ ነገር ሳይናገሩ አልፈዋል፤ በእነርሱ ዘመን መናገሩም አያስፈልግም ነበርና። ፈረስ የሚያደርሰው መንገድ ሲኖረው ነው። መንገድ ስል አስፋልት ማለቴ አይደለም። በማሳና በማሳ መካከል፣ በወንዝ ዳር፣ በግጦሹ ጠርዝ ጥምዝምዝ እያለ የሚሄደውን፣ መሐንዲስ ያልቀየሰውን፣ ኮቴ ራሱ ያበጀውን መንገድ ማለቴ ነው። ይህ መንገድ እየጠፋ ነው። ሲጠፋም ድምፅ አያሰማም። ድልድይ ቢፈርስ ዜና ይሆናል፤ የፈረስ መንገድ ሲታረስ ግን የሚያውቀው ፈረሱ ብቻ ነው።

እኛ የከተማ ሰዎች ፈረስ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ታሪክ ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እያልን በፈረሳቸው ስም እንጠራቸዋለን። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ስለ ፈረሰኛው እንፎክራለን፤ ከዚያ ፈረሱን ለዓመት እንረሳዋለን። ለነገሩ በአዲስ አበባ መኪና የማይፈራው ፈረስ አራዳ ሐውልቱ ላይ ምኒልክን የተሸከመው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የቀሩት፣ በአገሪቱ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉት ፈረሶች፣ ገና ሥራ ላይ ናቸው። ገበያ ይወጣሉ፣ ሙሽራ ያመጣሉ፣ በሽተኛ ጤና ጣቢያ ያደርሳሉ፣ ለቅሶ ያጅባሉ።

የእናቴ አገር አዊ ነው። አዊን የሚያውቅ ሰው እዚያ ፈረስ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቅም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል፤ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ይሰበሰባል። በቴሌቪዥን ያየ ሰው ትርኢት ይመስለዋል። ያሸበረቀው ኮርቻ፣ ግልቢያው፣ ጉግሱ... የማኅበሩ እውነተኛ ሥራ ግን ካሜራ በሌለበት ቀን ነው። አባል ሲሞት ፈረሰኛው ከየመንደሩ ተጠራርቶ ይደርሳል። የተጣላ ሲኖር ሽማግሌ ይሆናል። ሠርግ ሲኖር ያጅባል። ባጭሩ በፈረስ የሚሄድ ዕድር ነው ማለት ይቻላል። ዕድር ደግሞ በሰዓቱ መድረስ አለበት።

አጎቴ የዚህ ማኅበር ሰው ናቸው። ቤታቸው ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ በዓሉን ልጽፍ ብዬ ሄጄ እርሳቸው ቤት አረፍኩ። በልጅነቴ ወደ እንጅባራ ሲሄዱ ከግቢያቸው ወጥተው፣ ዋርካዋን አልፈው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ አስፋልት ሳይረግጡ ብዙ መንገድ ይጋልቡ እንደነበር አስታውሳለሁ። በዚያ ቀን ግን ከግቢው እንደወጡ የዳማውን ልጓም በቀጥታ ወደ አስፋልቱ መለሱት። ሌሎቹም ፈረሰኞች እንደዚያው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ዋና መንገድ መሆኑ ነው፤ አውቶቡሱ፣ ቦቴው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ከዚያ ሁሉ መካከል ደግሞ በየዳሩ ነጭ የለበሰ ፈረሰኛ።

አንድ የጭነት መኪና ከኋላ መጣ። ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም እንደ ጨዋ ሰው «መጣሁ» ለማለት ክላክሱን ነፋ። ይህ ነው ችግሩ። ፈረስ ክላክስን እንደ ሰላምታ አይሰማም። ፈረስ በተፈጥሮው ሮጦ የሚያመልጥ እንስሳ ነው፤ ቀንድ የለው፣ ክራንቻ የለው፣ ያለው እግሩ ብቻ ነው። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ያያል፤ የሚያመልጠው ከግንባሩ ሥርና በትክክል ከጅራቱ ኋላ ያለው ጥቂት ቦታ ነው። ከዚያ ካልታየው ቦታ የመጣ ጩኸት ለእርሱ ጅብ ነው። አፈር ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለት እርምጃ ፈንጠር ብሎ ይቆም ነበር። አስፋልት ግን ኮቴ አይዝም። ዳማው ተንሸራተተ፤ አጎቴ ከሥሩ ወደቁ። የአጎቴ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተሰበረ፣ የዳማው የፊት እግርም ተሰበረ። የሰው እግር በጄሶ ይድናል። ለዳማው የተደረገለትን እዚህ አልጽፍም።

ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ተቀምጬ «ለምን በውስጥ መንገድ አልሄዱም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «የቱ የውስጥ መንገድ? ዲከረንስ ውስጥ ልግባ?»

ዲከረንስ ማለት ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው ገበሬው ማሳው ላይ ይተክለዋል፤ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል፤ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱ እንደገና ለጤፍ ይታረሳል፤ ከጤፉ ጋር አዲስ ችግኝ ይተከላል። አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ላለው መሬት ይህ ተአምር ነው። ስንት ቆርቆሮ ቤት፣ ስንት የልጅ ትምህርት ከዚያ ዛፍ እንደወጣ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ከሰሉ ወዴት ይሄዳል ቢሉ፣ አንዱ ገበያው አዲስ አበባ ነው። አንባቢዬ ዛሬ ከሰዓት ቡና ያፈሉበት ፍም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። እናም በፈረሱ መንገድ ላይ ዛፍ የተከለውን ጎረቤት «ስግብግብ» ብሎ መደምደም ለእኔ አይቀልልኝም። ሁለት ማሳ አለው፤ በመካከሉ ማንም የእኔ ነው የማይለው የሁለት ሜትር ስርጥ አለ፤ ችግኝ ተርፎታል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በስልክ አወራኋት። እርስዋ ሰሜን እንግሊዝ፣ ላንክሻየር ውስጥ አረጋውያን በመንከባከብ ሥራ ትኖራለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። በጭቃማ ኮረብታ ላይ የቆመ የእንጨት ምሰሶ ነው፤ ምሰሶው ላይ ሰማያዊ ቀስት ተለጥፏል። ከሥሩ «እዚህ አገር ፈረስም አድራሻ አለው» ብላ ጽፋበታለች።

ነገሩ አላስተኛ አለኝና ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዞች ቢጫ ቀስት ለእግረኛ፣ ሰማያዊ ቀስት ለፈረሰኛ ያደርጋሉ። ሰማያዊው ባለበት እግረኛም ፈረሰኛም ያልፋል፤ ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብስክሌትም ተፈቅዶለታል፤ መኪና ግን አይገባም። መሬቱ የግል ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውም የግል ነው። የመሬቱ ጌታ ግን መንገዱን መዝጋት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ ያሉ የአውራጃ ምክር ቤቶች እነዚህን መንገዶች አንድ በአንድ በካርታ ላይ እንዲያሰፍሩ አዘዘ። ካርታው ላይ የሰፈረ መንገድ በሕግ ፊት መንገድ ነው፤ አለቀ። ገበሬ ማሳ አቋርጦ የሚሄደውን የፈረስ መንገድ ሊያርሰው ቢገደድ እንኳ በመጀመሪያው እርሻ በ14 ቀን ውስጥ መልሶ ማስተካከል አለበት፤ ስፋቱ ካልተመዘገበም ከሁለት ሜትር ማነስ የለበትም። በማሳው ጠርዝ የሚሄደውን ግን ጨርሶ አያርሰውም።

በይበልጥ ያስገረመኝ ግን ያልተመዘገበው መንገድ ነገር ነው። ሕዝብ አንድን መንገድ ሳይለምን፣ ሳይደበቅ፣ ሳይከለከል ለሃያ ዓመት ከተመላለሰበት፣ ባለመሬቱ እንዲህ አላሰብኩም ብሎ በማስረጃ ካልረታ በቀር፣ ሕጉ መንገዱን ለሕዝብ እንደሰጠው ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ ፈረሱ ራሱ ምስክር ይሆናል እንደ ማለት ነው። ሽማግሌዎች «እኔ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በዚህ ጋልቤያለሁ» ብለው ይፈርማሉ። ሌሎቹ ደግሞ መዝገብ ቤት ገብተው የጥንት የአሥራት ግብር ካርታ፣ የድሮ የመሬት ክፍፍል ሰነድ ያገላብጣሉ። በ1947 የተመሠረተው የብሪታንያ የፈረስ ማኅበር ይህን ሥራ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ እስከ 2026 መባቻ ያልተመዘገበ የጥንት መንገድ መብቱ ይሞታል ብሎ ነበርና፣ ሰዎቹ ለዓመታት ከሰዓት ጋር ተሽቀዳደሙ። በኋላ ቀነ ገደቡ ወደ 2031 ተገፋ፤ በታኅሣሥ 2024 ደግሞ መንግሥት ጨርሶ እንደሚሰርዘው አስታወቀ።

እንግሊዝን ገነት አድርጌ መሳሌ አይደለም። እዚያም ለፈረስ ክፍት የሆነው ከመንገዶቹ ሩብ እንኳ አይሞላም፤ የሰማያዊው ቀስት መንገድ ብዙ ጊዜ መኪና በሚከንፍበት አስፋልት ላይ ይጥላል። ከጥር 2022 ወዲህ የአሽከርካሪዎች ደንባቸው በፈረስ አጠገብ ሲታለፍ ፍጥነቱ በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ የሁለት ሜትር ርቀት እንዲጠበቅ ይላል፤ ደንብ ያስፈለገው ፈረስም ፈረሰኛም ስለሚሞት ነው። ደግሞም በአብዛኛው የሚጋልቡት ለመንሸራሸር ነው። የእኛው የሚጋልበው ለቀብር እንዳይዘገይ ነው። ቢሆንም ለሽርሽር ይህን ያህል ከተደከመ...

ሜሪ ታውንሊ የምትባል ፈረሰኛ እዚያው ላንክሻየር ውስጥ ትኖር ነበር። በ1986 ከባልንጀሮችዋ ጋር ከኖርዘምበርላንድ ተነሥታ እስከ ደርቢሸር በፈረስ ወረደች። አካሄድዋ ለጀብዱ አልነበረም። የጥንት የጭነት ፈረሶች ሱፍና ጨው እያመላለሱ የከፈቱት መንገድ በየቦታው እንደተዘጋና እንደተረሳ በኮቴ ለማሳየት ነው። ከዚያ ክርክሩ፣ ደብዳቤው፣ ስብሰባው ዓመታት ፈጀ። እርስዋ በ2001 ሞተች። በስምዋ የተሰየመው 47 ማይል ዙሪያ መንገድ የተከፈተው በ2002 ነው። የአክስቴ ልጅ ፎቶግራፍ ያነሣችው ምሰሶ የቆመውም እዚያ መንገድ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኳቸው። በከዘራ መሄድ ጀምረው ነበር። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ ተነሥተው ከሣጥን ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን አወጡ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለገበሬው ሲሰጥ የቆየው ደብተር ነው። የማሳው አዋሳኝ ተጽፏል። በምሥራቅ የአንዱ ጎረቤት ስም፣ በምዕራብ የሌላው፣ በደቡብ ወንዝ። በሰሜን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ፣ በተጣደፈ የእጅ ጽሕፈት፣ አንዲት ቃል ብቻ፦ «መንገድ»።

መንገዱ በወረቀት ላይ አለ ማለት ነው! የሌለው መሬት ላይ ነው።

ደብተሩን ይዘን የቀበሌው መሬት ኮሚቴ ዘንድ ቀረብን። ሰብሳቢው አየው፣ ገለበጠው፣ መልሶ አየው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ መንገዱም እንግዲህ የሁላችንም ነው። የሁላችንም የሆነ ነገር ደግሞ ከሳሽ የለውም። «መንገዱ ስንት ሜትር ነው?» አሉን። ደብተሩ አይናገርም። «ከየት እስከ የት ነው?» ደብተሩ እሱንም አይናገርም። አጎቴ ግን ይናገራሉ። «ሁለት ጭነት የጫነ ፈረስ ተላልፎ ይሄድበት ነበር» አሉ። ሰብሳቢው በሜትር እንዲነግሩት ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። በዚያ መንገድ የጋለቡ፣ በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎችን ሰበሰብን። ሰባት ሆኑ። አንድ የተማሪ ደብተር ገዛሁ፤ እነርሱ ሲናገሩ እኔ ጻፍኩ። ከዋርካዋ ተነሥቶ፣ ከታች ካለው መሻገሪያ በላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር በቀኝ ትቶ... በሁለት ቦታ ተከራከሩ፤ አንደኛው ክርክር በ1977 በተቆረጠ ዛፍ ላይ ነበር። ሁሉም ፈረሙ፤ መጻፍ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን አስቀመጡ። አንደኛው ሽማግሌ ቀለሙን ከጣታቸው እየጠረጉ «ለፈረስ ስፈርም ገና የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። ያን ደብተር ካስገባን ወዲህ ከሰባቱ ሁለቱ አርፈዋል። እኔም ወደዚያ መመላለሱ እንደ ድሮው አልቀለለኝም።

ኮሚቴው የሰጠን ውሳኔ በጽሑፍ የለም። ጎረቤትየው ግን ሰምቷል። ዲከረንሱ በ2016 ዓ.ም. ደርሶ ሲቆረጥ፣ ከሰሉ ተጭኖ ሲሄድ፣ አዲሱን ችግኝ ሲተክል በአጎቴ ሰሜን በኩል ስርጡን ትቶ ተከለ። በገመድ ለካሁት ብለው አጎቴ በስልክ ነግረውኛል፤ አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው። አንድ ፈረስ በደንብ ያልፋል። ሁለተኛው ከወዲያ ከመጣ ዋርካዋ ሥር ቆሞ ይጠብቃል።