ድንኳኑን የት እንትከል?

ዛሬ ባለፈው ሐምሌ በቤታችን ስለሆነ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ድንኳን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ወይ ሰርግ ነው ወይ ለቅሶ። ስለዚህ መኪና ላይ የሚታሰር ድንኳን ገዝቼ ስመጣ ባለቤቴ ዙሪያውን አየችውና፣ «ሰው ቤት ሲያጣ ነው ድንኳን ውስጥ የሚያድረው። አንተ የሠላሳ ዓመት የቤት ዕዳ እየከፈልክ መኪና ላይ ልታድር ነው?» አለችኝ። ተሳሳቅን። ለምን እንደገዛሁት ግን እሷም ታውቃለች። ልጃችን በነሐሴ ኮሌጅ ሊገባ ነበር፤ ከእኔ ጋር ደግሞ ከተነጋገርን ወራት አልፈው ነበር።

የምንኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ነው። ልጄ ሲያድግ እኔ ሌሊት ሌሊት እሠራ ነበር። እሱ ሲነቃ እኔ እተኛለሁ፤ እሱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እኔ ለሥራ እወጣለሁ። አብረን የምንሆነው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። በየካቲት አንድ ማታ ግን፣ «አባዬ፣ ኮሌጅ ስገባ ቸርች መምጣቴን እንጃ። የማምነውን ራሴ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለኝ። እኔም አልሰማሁትም፤ ሰበክሁበት። ጥቅስ በጥቅስ ላይ ደራረብሁበት፤ በመጨረሻም ጮኽሁበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እሺ» እና «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ። ልጅነቱ ሳላየው ማለፉ ሲገባኝ ነው እንግዲህ አሮጌዋን ፒካፕ ይዘን ተራራ እንውጣ ያልኩት።

ድንኳኑ ሲመጣ ጥያቄው የት ይታሰር የሚለው ሆነ። እንደ ሳንዱቅ የሚዘጋ፣ ክዳኑ ጠንካራ የሆነ ዓይነት ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10፣ ክብደቱ 70 ኪሎ ገደማ ነው። የፒካፗ የኋላ መጫኛ ግን 1 ሜትር ከ85 ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምርጫ ጋቢናው ጣሪያ ላይ ማሰር ነበር፤ መጫኛው ለዕቃ ነጻ ይሆናል። ልጄ የመኪናውን መመሪያ ከስልኩ ላይ አውጥቶ፣ መኪናው እየሄደ ጣሪያው ሊሸከም የሚችለውን ክብደት አነበበልኝ። ድንኳኑና ፖርቶመጋላው ተደምረው ከዚያ አለፉ። «ቆሞ ሲሆን የበለጠ ይችላል» አለኝ። «ሁለት ሰው የሚተኛበት ቆሞ ስለሆነ ነው። ሲሄድ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ክብደቱን ያበዛዋል።» ደግሞም ክብደቱ ላይ ከሆነ መኪናው በኩርባና በነፋስ ይወዛወዛል። የጋራዣችን በር ከፍታ 2 ሜትር ከ13 ነው፤ ጋቢናው ላይ ከታሰረ ለመግባት የሚተርፈን ጥቂት ጣት ብቻ ነው።

እሱ ያለው መፍትሔ ከመጫኛው በላይ ዝቅ ያለ የብረት መደገፊያ ሠርተን፣ ድንኳኑን የኋላ ጎማዎቹ አካባቢ ማሳረፍ ነው። ሲዘጋ ከጋቢናው ጣሪያ አይበልጥም፤ ወደ ኋላ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይተርፋል። እኔ ግን ወደ ኋላ የተንጠለጠለው አላማረኝም። «ፊቱን ጋቢናው ላይ፣ ኋላውን መጫኛው ላይ እንሰረው። ሁለቱንም ከያዘ ይጠነክራል» አልኩ። ልጄ፣ «አባዬ፣ እንደዚያ አይሆንም፤ ይሰበራል» አለኝ። «አንተ መቼ መኪና ሠርተህ ታውቃለህ?» አልኩት። ካቻቢቴውን አስቀመጠና ወደ ቤት ገባ።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያናችን መካኒክ የሆነ ወንድም ለምኜ አመጣሁ። ያሰብኩትን ስነግረው ምንም ሳይል እጁን በጋቢናውና በመጫኛው መካከል ወዳለው ክፍተት አስገባ። «ይሄ ለምን የተተወ ይመስልሃል?» አለኝ። ዝም አልኩ። «ጋቢናውና መጫኛው ሁለት የተለያዩ ናቸው። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ብሎን ሻንሲው ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ ጋቢናው ወደ አንድ በኩል፣ መጫኛው ወደ ሌላ በኩል ያዘነብላል። ከላይ አንድ ላይ ብታስራቸው ወይ ማሰሪያው ይበጠሳል፣ ወይ ቆርቆሮው ይጎብጣል፣ ወይ ድንኳኑ ይሰነጠቃል። አንድ የሚያደርጋቸው ከታች ያለው ነው፤ ከላይ አይደለም።»

ልጄ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እሱ ትናንት ያለኝን ነው ዛሬ ከሌላ ሰው አፍ የተቀበልኩት። ወገኖቼ፣ አባት ለልጁ «አጥፍቻለሁ» ማለት በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም፤ የእኔም አባት እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ግን ወደ እሱ ሄጄ፣ «ልክ ነበርክ፤ አልሰማሁህም» አልኩት። ስለ ድንኳኑ ብቻ እንዳልሆነ የገባው ይመስለኛል። «እሺ አባዬ» አለና ካቻቢቴውን አነሣ።

እሱ እንዳለው አሰርነው። የሚከፈተው አፉ ወደ ኋላ፣ ማጠፊያው ወደ ፊት ሆነ፤ ስንሄድ ነፋስ ክዳኑን እንዳይከፍተው ነው። መንገዱ ብሎኑን ስለሚያላላው ጥቂት ሄደን ቆመን እንደገና አጠበቅነው። ከዚያም በጆርጅታውን በኩል ወደ ጉዋኔላ ፓስ ወጣን። ቦታው ከ3,500 ሜትር በላይ ነው፤ በሐምሌም ሌሊቱ ይበርዳል። ወደ ላይ ሳንደርስ ደልዳላ ቦታ ፈልገን ቆምን፣ መሰላሉን ዘረጋንና ጎን ለጎን ተኛን።

በጨለማው ውስጥ፣ «አባዬ፣ አንተ ከአባትህ ቤት ስትወጣ ስንት ዓመትህ ነበር?» አለኝ።

«19።»

«በምን ምክንያት?»

ይህን በደንብ ነግሬው አላውቅም ነበር። ወንጌልን ሰምቼ ጌታን ስከተል አባቴ የሚወደውን፣ ከአባቶቹ የተቀበለውን ትቼ እንደሄድኩ ነው ያየው። እሱም በሚያውቀው መንገድ ሊይዘኝ ሞከረ፤ ጮኸ፣ አስፈራራ፣ በመጨረሻም ተለያየን። እናቴ ግን በየሳምንቱ ምግብ ትልክልኝ ነበር። ታሪኩን ለልጄ ስናገር ድምፄ ተያዘ። የካቲት ላይ በእሱ ላይ የጮኽሁት በአባቴ ድምፅ ነበር።

ልጄ ብዙ ጠየቀኝ። አንዳንዱን መለስኩ፤ አንዳንዱን፣ «እኔም አላውቅም» አልኩ። አልሰበክሁበትም። ከባድ ነበር፤ ጥቅሶቹ ምላሴ ላይ ነበሩ።

እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ዘፍጥረት 13 ትዝ አለኝ። የአብራምና የሎጥ እረኞች ሲጣሉ፣ ታላቁና ተስፋውን የተቀበለው አብራም ቢሆንም ምርጫውን ለታናሹ ተወለት። ሎጥ ዓይኑ ያየውን መረጠ፤ ድንኳኑንም እስከ ሰዶም ተከለ። አብራም ጎትቶ አላስቀረውም። ራሱ ወደ ኬብሮን ሄደ፣ በዚያም ለእግዚአብሔር መሠዊያ ሠራ። ሁልጊዜ በዚህ ምዕራፍ ላይ የሎጥን ስሕተት ነበር የማየው። በዚያ ሌሊት ግን ምዕራፍ 14ን ጨምሬ አሰብኩ። ሎጥ በተማረከ ጊዜ አብራም 318 ሰዎች ይዞ እስከ ዳን ድረስ ተከተለ። ድንኳናቸው ተለያየ እንጂ እነሱ አልተቆራረጡም። ከታች የያዛቸው ነገር ነበረ።

እኔ ልጄን ከላይ ላስረው ነበር፤ በእኔ ቸርች፣ በእኔ ቋንቋ፣ በእኔ ቁጣ። እኔንም እሱንም የሚሸከመው እግዚአብሔር ግን ከታች ነው። እኔ አልሠራሁትም፤ በእኔ ማሰሪያም አይጠነክርም።

ልጄ አሁን ፎርት ኮሊንስ ነው፤ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ። ወደ ቸርች ተመልሷል ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ፤ ገና አልተመለሰም። ግን እሑድ ማታ እሱ ራሱ ይደውላል። ባለፈው ሳምንት፣ «አባዬ፣ ብሎኖቹን አይተሃቸዋል? በረዶው ሳይመጣ አንዴ እንውጣ» አለኝ። ያን ቀን ጋራዥ ወርጄ አንድ በአንድ አጠበቅኋቸው። ከዚያም እጄን በጋቢናውና በመጫኛው መካከል ባለው ክፍተት ላይ አድርጌ ጸለይኩ።

ምናልባት እናንተም አጥብቃችሁ የያዛችሁት ልጅ ይኖራል፤ ወይም የምታነቡት አጥብቀው የያዟችሁ ልጆች ትሆናላችሁ። አብረን እንጸልይ፦

ጌታ ሆይ፣ ልጆቻችንን ከእኛ በላይ ትወዳቸዋለህ። መስማትን አስተምረን። የጮኽንባቸውን ይቅር በለን። ድንኳናቸውን የትም ቢተክሉ አንተ ከሥራቸው ሁን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።