ልጓም የሌላት በቅሎ፦ ከባሕር ዳር እስከ ወረታ በብስክሌት



ባሕር ዳርን ያየ ሰው ሁለት ነገር አይረሳም። አንደኛው ጣና ሐይቅ ነው። ሁለተኛው ብስክሌት ነው። ከተማዋ ያለችው በሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ወደ ሥራው፣ ነጋዴው ወደ ገበያ በብስክሌት ሲሄድ ይታያል። የከተማው ሰው «ሳይክል» ይላታል። ብስክሌትም ብንል ሳይክልም ብንል ነገሩ አንድ ነው።

ዛሬ የማጫውታችሁ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከባሕር ዳር እስከ ወረታ በሳይክል ያደረግሁትን ጉዞ ነው። መንገዱ አስፋልት ነው። ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእግር ቢኬድ ከንጋት እስከ ምሽት አያደርስም። በሳይክል ግን ሰው ሳይቸኩል፣ እያረፈ፣ ሳይመሽበት ይደርሳል። ጉዞው ደስ የሚል ነበር። ነገር ግን በራሴ ጥፋት ሰው ልገድል ነበር። ጥፋቴን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ከመነሣቴ በፊት

ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገባሁበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። አክስቴ ከወረታ ወጣ ብላ በገጠር ትኖራለች። ቡና፣ ሳሙናና ለልጆቿ ደብተር ላደርስላት አሰብሁ። ዕቃው 15 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ሳይክሌ አሮጌ ነበረች። ስለዚህ አስቀድሜ ወደ አንድ አዛውንት ሳይክል ጠጋኝ ወሰድኋት።

አዛውንቱ ሳይክሏን ገለበጧት። ጎማዎቹን አንድ በአንድ አሽከረከሩ። ጎማ ሲዞር ወዲያና ወዲህ ከተወላገደ፣ ቸርኬው ጎብጧል ወይም ራጂው ላልቷል ማለት ነው። ራጂ የሚባለው ከጎማው መካከል ወደ ዳር የተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ነው። የእኔ ጎማ ደህና ዞረ።

ቀጥለው ካቴናውን አዩ። ካቴና ፔዳሉን ከኋላው ጎማ ጋር የሚያገናኘው ሰንሰለት ነው። በአሮጌ ጨርቅ ጠረጉት። ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉበት። ከዚያ የተረፈውን ዘይት መልሰው ጠረጉ። «ዘይት ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል። አቧራ ደግሞ ብረት ይበላል» አሉኝ።

ኮርቻውንም ለቁመቴ ለኩልኝ። አለካኩ እንዲህ ነው። ኮርቻው ላይ ተቀመጡ። ፔዳሉን እስከ ታች አውርዱት። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አሳርፉ። ያን ጊዜ እግራችሁ ቀጥ ካለ ኮርቻው ልክ ነው። ስትነዱ ግን የምትረግጡት በተረከዝ ሳይሆን ከጣቶቻችሁ ሥር ባለው የእግር መዳፍ ነው። ያን ጊዜ ጉልበታችሁ ጥቂት ይታጠፋል። ኮርቻ ዝቅ ካለ ጉልበት ያማል። ከፍ ካለ ዳሌ ይወላገዳል።

በመጨረሻ ፍሬኑን ጨበጡ። ፊታቸው ተለወጠ።

ፍሬን ማቆሚያ ነው። መሪው ላይ ያለውን እጀታ ስትጨብጡ ሽቦ ይሳባል። ሽቦው ሁለት ላስቲኮችን ከቸርኬው ጋር ያጣብቃል። ላስቲኩ ቸርኬውን ሲይዘው ጎማው ይቆማል። የእኔ ሳይክል ላስቲክ አልቆ ነበር። ሽቦውም መበጣጠስ ጀምሯል።

«ልጄ፣ ይህ መለወጥ አለበት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መንገዱ እኮ ሜዳ ነው። ለዛሬ ያደርሰኛል» አልኋቸው።

ገንዘቤ ጥቂት ነበረች። በዚያችው ገንዘብ የሚያብረቀርቅ ደወልና ቀይ የኮርቻ ልብስ ገዛሁ። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደወል ሰው ያስጠነቅቃል እንጂ ሳይክል አያቆምም» አሉ። እኔ ግን አልሰማኋቸውም።

የያዝሁት ዕቃ

ለመንገዱ 2 ሊትር ውሃ፣ በሶና ቆሎ ያዝሁ። ለሳይክሏ ደግሞ እነዚህን ያዝሁ፤ መንፊያ፣ አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መጣፊያ ላስቲክ፣ ማስቲሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ዳዶ መፍቻ ቁልፍና ጨርቅ። ይህ ሁሉ በአንዲት ትንሽ ከረጢት ይገባል።

ጭነቱን በሁለት ከረጢት እኩል ከፈልሁት። ከኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጌ አሰርሁት። የአህያ ጭነት ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል አህያዋ እንደምትቸገር ታውቃላችሁ። ሳይክልም እንዲሁ ነች። የገመዱን ጫፍ ቋጥሬ ወደ ውስጥ ከተትሁት። ልል ገመድ ራጂ ውስጥ ከገባ ነጂውን ይጥላል። የጋቢና የነጠላ ጫፍም ይጥላል። ስለዚህ ጋቢዬን አጣጥፌ ከጭነቱ ላይ አሰርሁ። የሱሪዬን ቀኝ እግር ደግሞ ካቴናው እንዳይነክሰው ካልሲዬ ውስጥ ከተትሁት።

መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመናኸሪያ ሾፌሮች ጠየቅሁ። ይህ ለማንኛውም መንገደኛ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ዓባይን ስሻገር

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሣሁ። ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ነበር። ዓባይ ከጣና የሚወጣው በባሕር ዳር ነው። ወደ ወረታ የሚሄድ ሰው ዓባይን በድልድይ ይሻገራል። ያን ጊዜ የተሻገርሁት በአሮጌው ድልድይ ነበር። አሁን 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ አለ። የተመረቀው በ2016 ዓ.ም. ነው።

ከድልድዩ በኋላ ቀኜን ይዤ ነዳሁ። በአገራችን ተሽከርካሪ የሚሄደው በቀኝ ነው። ሳይክልም ተሽከርካሪ ነች። ትልቅ መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ሳይክልን ይገፋል። ስለዚህ መሪውን አጥብቄ ያዝሁ። ወደ ኋላ እየዞርሁ አላየሁም፤ ዓይን ወደ ዞረበት መሪውም ይዞራልና።

ውሃ እስኪጠማኝ አልጠበቅሁም። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ጠጣሁ። ዳገት ሲመጣ ወርጄ ገፋሁ። ዳገት ላይ መግፋት ነውር አይደለም። ሐሙሲት ከተማ ስደርስ አርፌ ሻይ ጠጣሁ፤ በሶም በጠበጥሁ።

ቁልቁለቱ ላይ

ከሐሙሲት ወጥቼ ጥቂት እንደሄድሁ መንገዱ ወደ ፎገራ ሜዳ መውረድ ጀመረ። ፔዳል መርገጥ አላስፈለገኝም። ነፋሱ ፊቴን መታው። ደስ አለኝ። ደወሌን ያለ ምክንያት ደወልሁ።

አንድ መታጠፊያ ላይ እንደ ዞርሁ፣ አንዲት እናት ሁለት አህዮች እየነዱ መንገዱን ሲያቋርጡ አየሁ። ደወልሁ። አህያ ግን ደወል አያውቅም። ፊተኛዋ መንገዱ መካከል ቆመች። ፍሬኑን ጨበጥሁ። እጀታው ከመሪው ጋር ገጠመ፤ ሳይክሏ ግን አልቆመችም። የኋላውንም ጨበጥሁ። ጭነቱ ከኋላ ገፋኝ። እናትዬዋ ዘወር ብለው አዩኝ። ለመሸሽ ጊዜ አልነበራቸውም።

መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዝሁት። ከመንገድ ወጥቼ ቦይ ውስጥ ወደቅሁ። ጉልበቴና ክንዴ ተላጠ። ደብተሩ ተበተነ። ቡናው ፈሰሰ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እናትዬዋ ውሃ ይዘው መጡ። ቁስሌን አጠቡልኝ። ቡናውንም ከሣሩ ውስጥ አብረውኝ ለቀሙ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም፣ ልጄ?» አሉኝ። ይህን ሲሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን እጅ እስካሁን አልረሳሁትም። የእኔ ቁስል ቶሎ ዳነ። እሳቸውን ገጭቼ ቢሆን ኖሮ ግን በምን ይድን ነበር?

የቀረውን ቁልቁለት ሳይክሏን በእጄ ይዤ በእግሬ ወረድሁ።

እንግዲህ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ምክሬ ይህ ነው። ከመውረዳችሁ በፊት ቆማችሁ ፍሬኑን ሞክሩ። ፍጥነቱ ሳይጨምር በፊት ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ ያዙ። የፊተኛው ፍሬን ብርቱ ነው፤ ብቻውን በድንገት ከተያዘ ሰውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥላል። ጭነት ካለ ለመቆም ብዙ ርቀት ያስፈልጋል። ዝናብ ከሆነ ቸርኬው እርጥብ ስለሆነ ላስቲኩ ያንሸራትታል። ያን ጊዜ ከወትሮው ቀድሞ መያዝ ነው።

በፎገራ ሜዳ

ፎገራ ሰፊ ሜዳ ነው። ጉማራና ርብ የሚባሉት ወንዞች በዚህ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። በክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል። ስለዚህ ገበሬው ውሃ የሚወድ ሰብል ያመርታል፤ ሩዝ። እኔ ስደርስ የታጨደው ሩዝ በየቦታው ተከምሮ ነበር።

ጉማራን ተሻግሬ ጥቂት እንደሄድሁ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ጭነቱን አውርጄ ጎማውን ፈታሁ። ሩዝ የሚያጭዱ ሰዎች መጥተው ከበቡኝ። እያዩኝ እንዲህ አደረግሁ።

የውስጡን ጎማ አውጥቼ ነፋሁት። በጣሳ ውሃ አምጥተውልኝ ነከርሁት። አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አደረቅሁት። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት። ማስቲሽ ቀባሁና ጥቂት ደቂቃ ጠበቅሁ። ማስቲሹ ጠፈፍ ሲል መጣፊያውን ለጥፌ በኀይል ተጫንሁት። ከመመለሴ በፊት የውጩን ጎማ ውስጥ በጨርቅ ዳሰስሁ። እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ነበር! እሾሁን ሳያወጡ ጎማ የሚመልስ ሰው፣ መልሶ መፍታቱ አይቀርም።

በዕድሜ አባቴን የሚሆኑ አንድ ገበሬ ሥራዬን በጥሞና ሲያዩ ቆዩ። በኋላ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ ወረታ በእግሯ ሄዳ ትማራለች። ስትመለስ ይመሽባታል። አንድ ቀን ትቀርብኛለች ብዬ እፈራለሁ። ሁለት በግ ሸጬ አሮጌ ሳይክል ልገዛላት አስቤያለሁ። ከበቅሎ ትሻላለች?»

«ሣር አትበላም፤ አትታመምም» አልኋቸው።

ገበሬው ደም ያለበትን ጉልበቴን አዩ። «በቅሎ ገደል ስታይ ጌታዋ ባያዛትም ትቆማለች። ይቺ ዓይን አላት?»

«ዓይኗ ነጂው ነው። ልጓሟ ደግሞ ይህ ፍሬን ነው» ብዬ አሳየኋቸው።

እጀታውን ጨበጡት። ልል መሆኑን ወዲያው አወቁ። «ታዲያ ልጓም የሌላት በቅሎ ላይ ለምን ወጣህ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የፊደል ሰው ነኝ እል ነበር። እሳቸው ግን ሳይክል ነድተው ሳያውቁ ነገሩን ከእኔ ቀድመው አዩት።

አሮጌ ሳይክል ሲገዛ ምን እንደሚታይ ነገርኋቸው። ለእናንተም እነሆ፦

1. የፊቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ሳይክሏን ወደ ፊት ግፉ። የፊቱ ጎማ መዞር የለበትም። የኋላውንም እንዲሁ ሞክሩ። እጀታው ከመሪው ጋር ከገጠመ አትቀበሉ፤ ወይም አስጠግኑ።

2. ላስቲኩ ቸርኬውን ብቻ ይንካ። ጎማውን ከነካ ይቆርጠዋል።

3. የብረቱን መጋጠሚያ እዩ። የተሰነጠቀ ወይም እንደገና የተበየደ ካለ ተዉት።

4. ልጅቷ ራሷ ትውጣበት። ኮርቻው ላይ ሆና የጣቶቿ ጫፍ መሬት ይንካ።

5. ሻጩ የገዛበትን ደረሰኝ ወይም ምስክር ጠይቁ። የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት አለው።

6. በቀለሟ አትታለሉ።

ወረታ

ወረታ የደረስሁት ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ወረታ መገናኛ ከተማ ነች። አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ይቀጥላል። ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። እኔ ከወረታ ገበያ ለሁለቱም ፍሬን አዲስ ላስቲክና ሽቦ ገዝቼ አስገጠምሁ። የከፈልሁት ገንዘብ ለደወሉና ለኮርቻ ልብሱ ካወጣሁት ያነሰ ነበር።

አክስቴ ቡናውን ስትለቅም በመካከሉ ሣርና ጠጠር አገኘች። «ይህን ቡና ከየት ገዛኸው?» አለችኝ። ነገሩን ነገርኋት። ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች።

ባሕር ዳር ስመለስ ወደ አዛውንቱ ጠጋኝ ሄድሁ። ጉልበቴን አዩ። አዲሱን ላስቲክ አዩ። አልተቆጡኝም። ብቻ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«ደወሏስ ደህና ትጮሃለች?»

እንግዲህ ሳይክል ልትገዙ ወይም ልትሳፈሩ ስትነሡ፣ «ምን ያህል ትሮጣለች?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ትቆማለች?» በሉ።

ተወያዩበት፦

1. ጸሐፊው ገንዘቡን በምን ላይ አዋለ? በምን ላይ ማዋል ነበረበት?

2. ጭነት ለምን በሁለት ጎን እኩል ይታሰራል?

3. በአካባቢያችሁ ሳይክል ለየትኛው ሥራ ይጠቅማል? በየትኛው መንገድ ላይስ ወርዶ መግፋት ይሻላል?