መኪና የሌለው ጋራዥ

የባሕር ዳር ሰው ቤት ሲሠራ መኪና ኖረውም አልኖረውም ከግቢው በር አጠገብ ለመኪና ቦታ ያስቀራል። በእኛ የቤት ሥራ ማኅበር ከነበርነው አባወራዎች አብዛኞቻችን ያለን ተሽከርካሪ ብስክሌት ነው፤ ነገር ግን ፕላኑ ላይ «ጋራዥ» የምትለዋን ክፍል ያስሰረዘ አንድም ሰው አልነበረም። ተስፋ ነዋ!

ታዲያ ገብተን ሳምንት ሳይሞላን ክርክር ተነሣ። ባለቤቴ «በር ይገጠምለትና ይከራይ፤ የባንኩን ዕዳ በምን ልትከፍለው ነው?» አለች። እኔ ደግሞ ከዐሥር ዓመት በላይ በኪራይ ቤት ሚስማር መምታት ተከልክዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። (አከራይ ሚስማር ሲመታ የት ላይ እንደሚያመው እስካሁን አልገባኝም።) «የእጅ ሥራ መሥሪያ ይሁን» አልኩ። ሐቁን እንናገር ከተባለ የእሷ ሒሳብ ትክክል ነው። ኪራይ በየወሩ ይመጣል፤ መጋዝ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። በመጨረሻ ተዋዋልን። አንድ ዓመት ይሞከር፤ የልጆቹ አልጋ፣ የወጥ ቤቱ መደርደሪያና ቁም ሳጥኑ ከዚያው ከጋራዡ ይውጡ። ካልወጡ ተከራይ ይገባል።

እንዲህ ያለ ውል ያለበት ሰው መቼም መጀመሪያ የሚያስበው ማሽን መግዛት ነው። እኔን ያዳኑኝ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ የእንጨት ሥራ መምህር ናቸው፤ የተማሩትም እዚሁ፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1963 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ፖሊቴክኒክ ነው። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ማለት ነው። «ጋሼ፣ ምን ማሽን ልግዛ?» ብላቸው ዝም ብለው ወለሉን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና «ልጄ፣ መጀመሪያ የማይነቃነቅ ገበታ ሥራ። በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ማሽን ጣት ይበላል» አሉኝ።

የገበታውን ቁመት በሜትሮ አልለኩልኝም። ቀጥ ብዬ እንድቆም አደረጉና እጄን ወደታች ስዘረጋ የእጄ አንጓ የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረጉበት። እግሮቹን ከደረቀ ባሕር ዛፍ ሠራናቸው። «ደረቅ» የምትለዋን አደራ! እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል። ለሚታየው ዕቃ፣ ለአልጋውና ለመደርደሪያው ግን ዋንዛን የመሰለ የለም፤ ለመጋዝም ለመሮም ይገራል። ቀጥሎ ሞርሳ ገዛሁ፤ ከዚያም ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ትራፓኖ... ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ የዕቃውን ስም ግን ጥሎልን ሄዷል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የመብራቱን ነገር ነው። ጋሼ የጋራዡን ሶኬት ሲፈቱት ሦስተኛዋ ቀዳዳ ከኋላዋ ሽቦ የላትም! ቤቱን የሠራው ኤሌክትሪከኛ ለዓይን ብቻ ነው የገጠማት። የምድር ሽቦ ማለት የማሽኑ የብረት አካል ኤሌክትሪክ ቢይዝ ወደ መሬት የሚወስደው መንገድ ነው። እሱ ከሌለ መንገዱ የእርስዎ ሰውነት ይሆናል። በክረምት፣ ወለሉ ረጥቦ፣ በነጠላ ጫማ ቆመው ሲሠሩ አስቡት። ስለዚህ ከቆጣሪው ለጋራዡ ብቻ የሚሆን መስመር አስወጣን፤ የራሱ ብሬከር ተገጠመለት፤ የመዳብ ዘንጉም በጥልቅ ተቀበረ። በበጋ የላይኛው አፈር ሲደርቅ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና ዘንጉ እርጥቡ ጋ መድረስ አለበት። የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር በ30 ሚሊአምፒየር ቆርጦ የሚያጠፋ መሣሪያም አለ። ከትራፓኖው በፊት እሱን ግዙ።

ሌላም አለ። ጣና በለስ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዚሁ ከሐይቃችን ውሃ እየወሰደ ይሠራል፤ አቅሙም 460 ሜጋዋት ነው ይባልልናል። እኛ ሐይቁ ዳር ያለነው ግን መብራት ሲሄድና ሲመጣ እንቆጥራለን። አሁን ግራይንደር እየሠራ መብራት ጠፋ እንበል። ሰውየው ማብሪያውን ሳያጠፋ ገበታው ላይ አስቀምጦት ቡና ሊጠጣ ይገባል። ልጁ ለኳሱ ጋራዥ ይገባል። መብራት ይመጣል! ግራይንደሩ ማንም ሳይነካው መሽከርከር ይጀምራል። በእኛ ቤት ሕጉ አንድ ነው፦ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚነቀለው ሶኬት ነው፤ ሻማ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ያወጣችው ባለቤቴ ናት፤ ከእኔም የበለጠ ታስከብረዋለች።

ክረምቱ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሐይቁ እርጥበት ዝናቡ ላይ ተጨምሮ መሮው በሳምንት ውስጥ ይዝጋል። ብረት የሆነውን ሁሉ ዘይት በነካ ጨርቅ አብሱት፤ ጣውላውንም ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩት። ምስጡም ቢሆን መሬት የነካውን ነው የሚወደው። በሐምሌ ያበጠ መሳቢያ በጥር ልቅ ይላልና በክረምት የሚገጥም ሰው ልኩን አጥብቆ አያጥብብ።

አልጋው በኅዳር ወጣ። መደርደሪያውም ወጥ ቤት ገብቶ ሰሐን ተሸክሟል። ቁም ሳጥኑ ገና ነው፤ ባለቤቴ ልብሷን ካርቶን ውስጥ እያጠፈች ቀን ትቆጥራለች።

ጎረቤትም ሰው ነው። ከመሸ በኋላ፣ እሑድ ጠዋትና ሐዘን ባለበት ሰሞን ግራይንደር አይነሣም። አቧራው ግን ከጩኸቱ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የጋራዡን በር ከፍታችሁ ሥሩ፤ ስትጠርጉም መጀመሪያ ውሃ ረጨት አድርጉ።

እንጨት ለመቀባት የተልባ ዘይት የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ ጨርቁን ጨብጣችሁ ጥግ እንዳትጥሉት። የተጨበጠ ጨርቅ ውስጥ ዘይቱ ሲደርቅ እየሞቀ ሄዶ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል፤ አጠገቡ ደግሞ የመላጊያው ፍቅፋቂ አለ። የእኛን ጨርቅ ውጪ አጥር ላይ ዘርግተን እናደርቀዋለን።