«ናቹራል» የሚባለው ቡናችን

በጌዴኦዋ ጨለለቅቱ ከተማ የቡና ወሬ ሲነሣ ከጌዴኡፋውና ከአማርኛው መሀል «ናቹራል» የምትል የእንግሊዝኛ ቅጽል መግባቷ አይቀርም። ሳይፈለፈልና ሳይታጠብ፣ ከነፍሬው ፀሐይ ላይ የደረቀ ቡና ማለት ነው። እኛ «ያልታጠበ» ወይም «ደረቅ» የምንለው።

ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩም «መወለድ» ነው። ድሮ ከጋብቻ ውጭ ለተወለደ ልጅም፣ ሞኝ ሆኖ ለተፈጠረ ሰውም ይባል ነበር። ዛሬ ሳሙናውም ጭማቂውም ላይ ተለጥፎ የምናየው ግን «የሰው እጅ ያልገባበት» በሚለው ፍቺው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው።

እስቲ በኅዳር አንድ የማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቁሙ። ያልበሰለውና የተጎዳው እሸት አንድ በአንድ በእጅ ተለቅሞ ይወጣል። ቀዩ ሳስቶ ይሰጣል፤ ከወፈረ ይሻግታል። ሴቶቹ ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው ቀኑን ሙሉ ያገላብጡታል። ፀሐዩ ሲከር ይሸፍኑታል፣ ሲበርድ ይገልጡታል፣ ማታ ጤዛ እንዳይነካው መልሰው ይሸፍኑታል። ሰማዩ ካጉረመረመ ሩጫ ነው። ይህ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ደመና ከበዛም ከዚያ በላይ ይዘልቃል። ቀዩ ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል፣ ጀንፈል ይሆናል። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ተለፍቶበት የሚገኘው አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ነው።

ታዲያ የሰው እጅ ያልገባው የቱ ጋ ነው?

ቡናው የሚበቅልበት ጫካ እንኳ የሰው ሥራ ነው። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰትና ቡና፤ የጌዴኦ ገበሬ በትውልድ ቅብብል ተክሎና ጠብቆ ያቆየው ነው። ዩኔስኮም ይህን አይቷል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተቀመጠው ጉባኤ ሁለት የኢትዮጵያ ቅርሶችን መዘገበ፦ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በተፈጥሮ ቅርስነት፣ የጌዴኦን መልክዓ ምድር ደግሞ በባህላዊ ቅርስነት። መሬቱን የሰው ሥራ ነው ብሎ ዓለም ከመሰከረ፣ ከዚያው መሬት የወጣውን ቡና «ናቹራል» ብሎ መሸኘት ያገላባጮቹን ድካም መሰረዝ ነው።

ገዢዎች የለመዱትን ስም ተዉት አልልም፣ ገበያው የሚያውቀው በዚያ ነው። ከሥሩ ግን ቡናው ስንት ቀን አልጋ ላይ እንደቆየ፣ ስንት ሴቶች እንዳገላበጡትና በቀን ስንት እንደተከፈላቸው ይጻፍ።