ስለ ጨረር ሐኪም

እኛ በገደብ ወረዳ ደብዳቤ በማርቀቅና መዝገብ በመጠበቅ የምንኖር ሠራተኛ ስንሆን፥ ስለ ሕክምና እንጽፍ ዘንድ ማን ፈቀደላችሁ የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር አክስታችን የማኅፀን በር ካንሰር እንዳለባቸው ሐኪም በነገራቸው ጊዜ፥ በቤተ ዘመዱ ዘንድ ከሐኪሙ ቃል ይልቅ የእኛ ቃል ተሰማ። «አንተ ተምረሃል፤ ምከረን» ብንባል፥ «ጨረር ያቃጥላል፤ ቡናው እስኪለቀም ይቆዩ» ብለን መለስን። ቡናው ተለቀመ፤ ታጠበ፤ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ደረቀ። ሕመሙ ግን አልጠበቀንም።

በጥር ወር በይርጋ ጨፌና በዲላ አድርገን አዲስ አበባ ገባን። ሽበታም ሰው ስንጠብቅ የተቀበሉን ሐኪም ገና ወጣት ሴት ነበሩ። አስቀድመው የጠየቁት ስለ ሕመሙ ሳይሆን፥ አክስታችን የት እንደሚያድሩና ማን እንደሚያስታምማቸው ነው።

ስለ ትምህርታቸው ብንጠይቅ፥ አስቀድሞ እንደ ማንኛውም ሐኪም ጠቅላላውን ሕክምና፥ ከዚያም የካንሰርን ሕክምና በልዩ ጥናት እንደ ተማሩ ነገሩን። ቀድሞ ይህን ሙያ የሚሻ ሰው ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት፤ እንደ ዶክተር ቦጋለ ሰሎሞን ያሉት ቀዳሚዎች ሸክሙን የተሸከሙት በጣም ጥቂት ሆነው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ነው።

ሬንትገን ጨረሩን በ1895፥ ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን በ1898 እንዳገኙ ከትምህርት ቤት እናስታውሳለን። ጨረሩ ለምን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እንደሚሰጥ ግን ያስተማረን አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጤነኛው ሕዋስ የደረሰበትን ጉዳት ከነቀርሳው ሕዋስ ይልቅ ፈጥኖ ይጠግናልና፥ በቀናቱ መካከል ያለው ዕረፍት ለእርሱ ይጠቅመዋል። መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል፤ የፊዚክስ ባለሙያው ያሰላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሥራ የጀመረው የኮባልት መሣሪያ ለብዙ ዘመን በአገሩ ብቸኛው ነበር። የኮባልት 60 ኃይል በአምስት ዓመት ከጥቂት ወር በግማሽ ስለሚቀንስ፥ ምንጩ ባረጀ ቍጥር በሽተኛው ከመሣሪያው ሥር የሚቈይበት ጊዜ ይረዝማል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መሣሪያ ይህ ችግር የለበትም።

ሐኪሟ ብዕራቸውን አንሥተው፥ «እማማ፥ ደም መፍሰስ የጀመረዎት መቼ ነው?» አሉ። አክስታችን አማርኛ እምብዛም አይችሉምና የምናስተረጕመው እኛ ነበርን። ወደ እኛ ዘወር ብለው በጌዴኦ ቋንቋ፥ «ሰሞኑን ነው በላት፤ አንተን እንዳትቈጣህ» አሉን።

ቀኑን ሙሉ ቃላቸውን ሳናጐድል ስናደርስ ቈይተን፥ ይህን ግን ለወጥነው። «ከመስከረም በፊት ነው፤ ያቈየናቸውም እኛ ነን» አልን።

ሐኪሟ አልተቈጡም። የነገርናቸውን ወር በመዝገቡ ላይ ጻፉ፤ ከሥሩም የመጀመሪያውን ቀን ቀጠሮ።